ከመሰላል የወደቀ ሰው «ዉንድድ» ይባላል ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «በሥራ ቦታችን መሰላል ተንሸራቶ ሁለት ሠራተኞች ወደቁ። አንደኛው ክንዱ ተሰበረ፤ ሌላኛው ስባሪ መስታወት ላይ አርፎ መዳፉ ተቆረጠ። የአደጋውን ሪፖርት በእንግሊዝኛ እንድጽፍ ታዝዤ "ቱ ወርከርስ ወር ዉንድድ" ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ሠራተኞች ቆሰሉ ማለቴ ነበር። አለቃዬ አንብበው "ማን ተኮሰባቸው?" ብለው ሳቁና ወረቀቱን መለሱልኝ። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ኸርትንም፣ ኢንጁሪንም፣ ዉንድንም በጉዳትና በቁስል ይፈታቸዋል። እኔ ኸርት ቀላሉ፣ ኢንጁሪ መካከለኛው፣ ዉንድ ከባዱ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ?»

አዎ፣ ተሳስተዋል። አለቃዎም ከመሳቃቸው በፊት ምክንያቱን ቢነግሩዎት ጥሩ ነበር። እኔ ራሴ የሕክምናና የኢንሹራንስ ሰነዶችን መተርጎም በጀመርኩ ሰሞን ሦስቱን ቃላት ልክ እንደ እርስዎ እንደ መሰላል ደርድሬያቸው ነበር። (የመሰላሉን ምሳሌ ይቅር ይበሉኝ።) ስህተቱ የሚመጣው ከራሳችን ቋንቋ ነው። አማርኛ ጉዳትን ሲለይ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል?» ብሎ ነው፤ ቀላል ጉዳት፣ ከባድ ጉዳት እንላለን፤ ቃሉ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ግን ቃሉን ከመምረጡ በፊት «በምን? እንዴት? የትኛው የሰውነት ክፍል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የክብደቱን ነገር በኋላ በቅጽል ያመጣዋል።

ከሳቁ እንጀምር። ዉንድ ስም ሲሆንና ግስ ሲሆን ጠባዩ አይመሳሰልም። ስም ሲሆን የሐኪም ቤት ቃል ነው። ቆዳ ከተቆረጠ፣ ከተቀደደ፣ ከተበሳ ወይም ከተላጠ ያ ቦታ ዉንድ ነው፤ ቢላ ይክፈተው፣ ምስማር ይክፈተው፣ የቀዶ ሕክምና ምላጭ ይክፈተው ለውጥ የለውም። ሐኪሙ ራሱ በሥርዓት ቀዶ በክር የሰፋውም «ሰርጂካል ዉንድ» ይባላል። ነርሷ የምታጥበው፣ በፋሻ የምትሸፍነው፣ እንዳያመረቅዝ የምትከታተለው ዉንድን ነው። እስከዚህ ድረስ ከእኛ «ቁስል» ጋር ይገጥማል፤ ተርጓሚውን የሚያዘናጋውም ይህ መግጠሙ ነው።

ግስ ሲሆን ግን ዉንድ መሣሪያ ያነግታል። «ዎዝ ዉንድድ» የተባለ ሰው በጥይት፣ በፈንጂ ፍንጣሪ፣ በጩቤ ወይም በጦር የተመታ ነው። ከጀርባው ውጊያ ወይም ጥቃት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አስቦበት የመታው ሰው አለ። የጦር ሜዳ ዘገባ የሞተና የቆሰለ ብሎ ሲቆጥር የሚጠቀመው በዚህ ቃል ነው። አውቶቡስ ሲገለበጥ፣ ግንብ ሲደረመስ፣ ሰው ከደረጃ ሲወድቅ ግን የእንግሊዝኛው ዜና «ኢንጀርድ»፣ ከኢንጁሪ የወጣውን «የተጎዳ»፣ ይላል። ጥቃት በተፈጸመበት ቦታ ጋዜጠኞች ሁለቱንም ሲያፈራርቁ ይታያሉ፤ በጥይት የተመታውም፣ ሲሸሽ ወድቆ እግሩ የተሰበረውም አብሮ ስለሚቆጠር ነው። የእኛ «ቆሰለ» ለሁለቱም ይሠራል፤ «በመኪና አደጋ ቆሰለ» ብንል የሚስቅ የለም። እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በአማርኛ አስበው ትክክል የነበረውን በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ አለቃዎ ደግሞ ጠመንጃ ታያቸው።

እስቲ ሁለቱን ሠራተኞች መልሰን እንያቸው። መዳፉ የተቆረጠው ሰው እጁ ላይ ዉንድ አለው፤ ነርሷ መዝገቧ ላይ እንደዚያ ብላ ብትጽፍ አልተሳሳተችም። ሰውየው ግን «ዉንድድ» አይደለም፤ ያጠቃው የለማ! ክንዱ የተሰበረው ደግሞ አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ካልወጣ በቀር ዉንድም የለውም፣ ዉንድድም አይደለም። ከሁለቱ የባሰ የተጎዳው እሱ ሆኖ ሳለ፣ «ከባዱ» ይሆናል ያሉት ቃል የሚያልፈው እሱን ነው።

ይህን ነገር እንደ እንግሊዝ ሕግ አጥብቆ የያዘው አላየሁም። በሰው አካል ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች እ.ኤ.አ. በ1861 የወጣው ሕግ ዛሬም ይሠራበታል። በ18ኛውና በ20ኛው አንቀጹ «ማቁሰል» እና «ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ» በ«ወይም» ተለይተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ፍርድ ቤቶቹ ዉንድ ለማለት የሚጠይቁት ቆዳ በሙሉ ውፍረቱ፣ የላይኛውም የውስጠኛውም ንጣፍ፣ መቀደዱን ነው። የላይኛው ብቻ ቢጫር አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1983 በአየር ጠመንጃ እርሳስ ዓይኑ አጠገብ ስለተመታ ሰው አንድ ክርክር ቀርቦ ነበር። ዓይኑ ውስጥ የደም ሥር ተበጥሶ ደም ፈሷል፤ ቆዳው ግን አልተቀደደም። ፍርድ ቤቱ ይህ ዉንድ አይደለም አለ። በአንጻሩ ሁለቱን ንጣፎች ያለፈች ትንሽ ቁርጥ፣ ባለቤቷን አንድ ቀን እንኳ ከሥራ የማታስቀር፣ በዚያው ሕግ ዉንድ ናት። ዓይን ውስጥ ደም ፈሶ ዉንድ ካልሆነ፣ ጣት ላይ ያለች ቁርጥ ዉንድ ከሆነች፣ ቃሉ ክብደት አይለካም ማለት ነው።

ከዉንድ ሳንወጣ ሁለት አፈንጋጮችን ልጥቀስ። አንደኛው «ዎኪንግ ዉንድድ» ነው። ከጦር ሜዳ ሕክምና የመጣ አነጋገር ሲሆን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ በራሳቸው እግር መራመድ የሚችሉትን ለመለየት ያገለግላል፤ ዛሬ የባቡር አደጋ ላይም ይባላል፤ የተኮሰ የለም። ሁለተኛው የስሜት ነገር ነው፤ ክብሩ የተነካ ሰው «ዉንድድ ፕራይድ» አለው ይባላል። እዚህ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ይስማማሉ፤ እኛም ልቤ ቆሰለ እንላለን፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ስንልም ስለ ጦር ብቻ አይደለም የምናወራው።

ኢንጁሪ ለእኔ ከሦስቱ የሚጥመው ነው፤ የትውልድ አገሩ ሐኪም ቤት ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው። ላቲን ነው። «ኢን» አፍራሽ ምዕላድ ናት፤ «ዩስ» ደግሞ ሕግ፣ መብት። ሁለቱ ተጋጥመው «ኢንዩሪያ» ሲሆኑ ከሕግ ውጭ የተደረገ ነገር፣ በእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል «በደል» ይሆናሉ። በሮማውያን ሕግ ኢንዩሪያ ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር፤ ሰውን መምታትንም ክብሩን መንካትንም በአንድነት ይይዝ ነበር። በፈረንሳይኛ በኩል በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባም በደል የሚለውን ትርጉም ይዞ ነው የገባው፤ የሥጋና የአጥንት ጉዳት የሚለው እየቆየ ነው የገነነው። ፈረንሳዮቹ ግን በተቃራኒው ሄዱ፤ ዛሬ በፈረንሳይኛ «ኢንጁር» ብትሉ ስድብ ነው። ለቁስልና ለጉዳት ሌላ ቃል አላቸው፣ «ብሌሱር» የሚባል፤ ግሱ ደግሞ ለዓይን ሲታይ የእንግሊዝኛውን «ብሌስ»፣ መባረክን ይመስላል። ዝምድና የላቸውም፤ ግን ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ጊዜ ለሚማር ሰው አዝንለታለሁ።

ይህን የዘር ሐረግ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። የድሮው በደል ዛሬም በሕግ እንግሊዝኛ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ውል ላይ «ዚ ኢንጀርድ ፓርቲ» ሲባል ደም የለበትም፤ ተበዳዩ ወገን ማለት ነው። አንድ የውል ትርጉም ላይ «የቆሰለው ወገን» ተብሎ አንብቤያለሁ፤ የተጣሉት በዕቃ መዘግየት ነበር! «ኤን ኢንጀርድ ቶን» የሚባልም አለ፤ እንደተበደለ ሰው በቅሬታ ድምፅ መናገር ነው። «ቱ አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ» የሚለውም ፈሊጥ ቃል በቃል ሲፈታ ከበደሉ በላይ ስድብ መጨመር ነው፤ ሲተረጎም ግን ከ«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የተሻለ አላገኘሁም።

ወደ ዛሬው ሥራው ስንመጣ ኢንጁሪ የሁሉም ጃንጥላ ነው። ዉንድ፣ ስብራት፣ ወለምታ፣ ቃጠሎ፣ የጭንቅላት መናጋት፣ የኤሌክትሪክ አደጋ ሁሉም ከሥሩ ይገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር በ10ኛ እትሙ 19ኛውን ምዕራፍ የሰጠው ለዚህ ነው፤ ኢንጁሪን ከመመረዝና ከውጭ በመጣ ምክንያት ከሚደርሱ ሌሎች ጉዳቶች ጋር በአንድ አስቀምጦታል። «ከውጭ በመጣ» የሚለውን ልብ ይበሉ። የዘርፉ ባለሙያዎች ኢንጁሪን የሚፈቱት በኃይል ነው። የግጭት፣ የሙቀት፣ የኤሌክትሪክ፣ የኬሚካል ወይም የጨረር ኃይል ሰውነት ከሚችለው በላይ ሆኖ ሲያርፍበት፣ አለበለዚያም ለሰውነት የግድ የሆነው እንደ አየርና ሙቀት ያለው በድንገት ሲነፈገው፣ ያ ኢንጁሪ ነው። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ የታፈነ ሰው ቆዳው ላይ ጭረት ባይኖርም በዚህ መዝገብ ይቆጠራል፤ ሳንባው በኢንፌክሽን የታመመ ሰው ግን አይቆጠርም። በሽታና ጉዳት የሚለያዩበት መስመር ይህ ነው።

መስመሩ ግን የሚጣስበት ቦታ አለ፤ ሰነድ የሚተረጉም ሰው ካላወቀው ይሳሳታል። ሐኪም «አኪዩት ኪድኒ ኢንጁሪ» ብሎ ከጻፈ በሽተኛውን ማንም ጎኑን አልመታውም። ሰውነቱ ውኃ አልቆበት ወይም መድኃኒት ጎድቶት፣ ወይም በሌላ ሕመም ሳቢያ ኩላሊቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሥራውን አጓድሏል ማለት ነው። «ሪፔቲቲቭ ስትሬይን ኢንጁሪ» የሚሉት ደግሞ ድንገተኛ የሚለውን ያፈርሳል፤ አንድ እንቅስቃሴ ለወራት፣ ለዓመታት እየተደጋገመ ጅማትን ሲያደክም የሚመጣ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ሰው የእጁ አንጓ ሲያመው እንደሚሆነው።

የእርስዎ ሪፖርት ርዕሱ የአደጋ ሪፖርት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። «አክሲደንት» እና «ኢንጁሪ» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የሆነው ነገር ነው፣ ሁለተኛው ሰውየው ላይ የቀረው። መሰላሉ ተንሸራቶ ማንም ባይወድቅበት አክሲደንት አለ፣ ኢንጁሪ የለም። የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት፣ ቢኤምጄ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አክሲደንት የሚለውን ቃል ከገጾቹ እንደሚያስወጣ አስታውቆ ነበር፤ ቃሉ መከላከል የማይቻል፣ የዕድል ነገር ያስመስለዋል፤ አብዛኛው ጉዳት ግን ቀድሞ ሊታሰብና ሊከለከል የሚችል ነው በሚል። እኔ ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፤ ሰው ከተለመደ ቃሉ በአዋጅ አይላቀቅም። ሐሳቡ ግን ልክ ነው፤ ወለሉ እርጥብ ከነበረ መሰላሉ የተንሸራተተው በዕድል አይደለም።

ኸርት ትንሿ ቃል ናት፤ እኛን በብዛት የምታደናቅፈን ግን እሷ ናት። ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣች ስትሆን መነሻዋ መጋጨት፣ በግንባር መምታት ነበር። የዛሬው ፈረንሳይኛም ያንኑ ቃል ለመጋጨት ይጠቀምበታል። በእንግሊዝኛ ግን ከምቱ ይልቅ ወደሚሰማው ስሜት አዘነበለች፤ ዛሬ ሁለት ነገር ትሠራለች፦ ትጎዳለች፣ ታማለችም።

የሚያስቸግረን ማመሙ ነው። እኛ «እግሬን አመመኝ» ስንል የሚያመው ማን እንደሆነ አንናገርም፤ አንድ ያልተጠራ ነገር አለ፣ እግሬም እኔም ተቀባዮች ነን። እንግሊዝኛ ባለቤት የሌለው ግስ አይወድም፤ እግሩን ራሱን ባለቤት አድርጎ «ማይ ሌግ ኸርትስ» ይላል። ይህን ያልለመደ ተማሪ «አይ አም ኸርቲንግ ማይ ሌግ» ሲል ሰምቻለሁ። አመመኝ ማለቱ ነበር፤ የወጣለት ግን «እግሬን እየጎዳሁት ነው» የሚል ነው፤ ሐኪሙ «ታዲያ ለምን አትተወውም?» ቢለው አልፈርድበትም። «አይ አም ኸርት» የሚለውም አመመኝ አይደለም፤ ተጎድቻለሁ ወይም ተከፍቻለሁ ማለት ነው። ትኩሳት ይዞት የተኛ ሰው ኸርት አይደለም፣ ሲክ ነው። የወደቀን ሰው «አር ዩ ኸርት?» ይሉታል፣ ተጎዳህ እንዴ ለማለት፤ የሆዱን አንድ ቦታ ሲጫኑ ደግሞ «ደዝ ኢት ኸርት?»፣ ያምሃል ወይ።

ኸርት ድሮም ዛሬም ኸርት ነው፤ መልኩ በጊዜ አይለወጥም። «ኸርትድ» የሚባል ነገር የለም። ሦስቱም ቅርጽ አንድ ስለሆነ «ዘይ ኸርት ሂም» ብቻውን ሲቀመጥ ይጎዱታል ነው ወይስ ጎዱት የሚለው ከዐውዱ ካልሆነ አይለይም። ሌላም ድብልቅልቅ አለው፤ «ዩ ኸርት ሚ» አሳመምከኝም አስቀየምከኝም ይሆናል። ሰው እግርዎን ረግጦዎት ይህን ቢሉት ስለ እግርዎ ነው፤ ለወዳጅዎ በመልእክት ቢጽፉለት ስለ ልብዎ ነው።

በክብደትም ቢሆን ኸርት ቀላል ናት የሚለው አያስኬድም። «ባድሊ ኸርት» የተባለ ሰው ክፉኛ የተጎዳ ነው። የጋዜጣ ርዕስ አጭር ቃል ስለሚወድ ብዙ ሰው የተጎዳበትን ግጭት እንኳ በኸርት ይጽፈዋል፤ የመረጣት ለፊደሏ ማነስ እንጂ ለጉዳቱ ማነስ አይደለም። ደረጃ የሚመስል ነገር ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አሜሪካውያን አሠልጣኞች ተጫዋች ሲወድቅባቸው «አር ዩ ኸርት ኦር አር ዩ ኢንጀርድ?» ይላሉ። ያምሃል ወይስ ተጎድተሃል ነው፤ ሕመም ብቻ ከሆነ ተነስተህ ተጫወት፣ ጉዳት ከሆነ ውጣ። እሱም የሜዳ ቀልድ ቢጤ ነው፤ ሪፖርት ላይ አይሠራም። ሜዳውን ካነሳን ዘንድ፣ በስፖርት የጡንቻ መሸማቀቅም ሆነ የጅማት መበጠስ ኢንጁሪ ነው፤ ተጫዋች ዉንድድ አይባልም። እኛ የባከነ ሰዓት የምንለውንም ከጥንት ጀምረው «ኢንጁሪ ታይም» ይሉታል፤ በተጫዋች ቅያሪና ሰዓት በማባከን የጠፋውም በዚሁ ስም ይታሰባል።

ቅድም ቁስልና ዉንድ የሚገጥሙት እስከ አንድ ቦታ ነው ብዬ ነበር። የማይገጥሙበትን እኔ በውርደት ነው የተማርኩት። ወደ ውጭ አገር ለሕክምና የምትሄድ አንዲት ታማሚ ማስረጃ ስተረጉም «የጨጓራ ቁስል» የሚለውን «ስቶማክ ዉንድ» አደረግኩት። ከዚያ ወዲያ የመጣው ጥያቄ ይህ ነበር፦ በስለት ነው የተወጋችው ወይስ በጥይት? በእንግሊዝኛ ከውስጥ የሚቆስለው፣ ቀስ በቀስ የሚበላው «አልሰር» ነው፤ የጨጓራም፣ ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ጀርባ ላይ የሚወጣውም፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ የሚከፈተውም። የኋለኞቹ ሁለቱ ክፍት ስለሆኑ የሚታከሙት በዉንድ ክፍል ነው፤ ስማቸው ግን አልሰር ነው። ትንሽ የአፍ ወይም የከንፈር ቁስል ደግሞ «ሶር» ይባላል። (ሶር እና ይቅርታ የምንጠይቅበት «ሶሪ» ከአንድ ጥንታዊ ሥር የመጡ ናቸው፤ ሶሪ መጀመሪያ ያመመው፣ ያዘነ ማለት ነበር።)

ጉዳትም እንደዚሁ ሰፊ ነው። እኛ የሰውም የንብረትም ጉዳት እንላለን። እንግሊዝኛ ለመኪናው፣ ለግድግዳው፣ ለመሰላሉ «ዳሜጅ» ይላል፤ «ዘ ላደር ዎዝ ኢንጀርድ» ብለው ከጻፉ ሁለተኛ ይሳቅብዎታል። ዳሜጅ አይቆጠርም፤ «ኤስ» ጨምረው «ዳሜጅስ» ካሉት ፍርድ ቤት የሚወስነው የካሳ ገንዘብ ይሆናል። «ሃርም» ደግሞ ሰፋ ያለ፣ ሊደርስ ለሚችል ጉዳትም የሚሆን ቃል ነው። ትራውማም ወጥመድ አለው፤ በግሪክኛ ቁስል ማለት ነበር፤ ዛሬ ሕዝቡ ለአእምሮ ጠባሳ ይለዋል፣ ሐኪሞች ግን ለግጭትና ለስብራት። «ትራውማ ሴንተር» ከባድ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሰው በአምቡላንስ የሚወሰድበት ነው።

አሁን ወደ ሪፖርትዎ ዓረፍተ ነገር። «ጉዳት ደረሰበት» የምንለውን በእንግሊዝኛ «መድረስ» በሚል ግስ አይፈልጉት፤ ሰውየው ጉዳቱን «ሰስቴንድ» ወይም «ሰፈርድ» ያደርጋል። «ከባድ ጉዳት» «ሲሪየስ» ወይም «ሲቪር» ነው፤ «ሄቪ ኢንጁሪ» አይባልም። «ቀላል ጉዳት» «ማይነር» ነው፤ «ላይት»ም «ሲምፕል»ም አይደለም። ጉዳተኞቹን በጅምላ ሲጠሩ «ዚ ኢንጀርድ» ማለት ይችላሉ፤ ግሱም በብዙ ቁጥር ይሄዳል፤ ለአንድ ሰው ግን «ኤን ኢንጀርድ» ብቻውን አይቆምም፣ «ኤን ኢንጀርድ ወርከር» መባል አለበት። «ዘ ኸርት» ካሉ ግን ሰዎቹ ቀርተው የልብ ሕመሙ ይሆናል፤ «ኤ ኸርት ሉክ»ም የተከፋ ሰው ፊት ነው።

ስብሰባ ላይ ጮክ ብለው ሊያነቡት ከሆነ አነባበቡንም ላስታውስዎ። ኢንጁሪ ብለን እንጽፈው እንጂ እነሱ የመጀመሪያዋን ክፍል ጫን ብለው «ኢንጀሪ» ይሉታል። ዉንድ በ«ዉ» ነው። በዚያው ፊደል የሚጻፍ «ዋውንድ» የሚነበብ ሌላ ቃል አለ፣ ጠመጠመ ማለት ነው፤ ፋሻ ቁስል ላይ ሲጠመጠም ሁለቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። ኸርትን «ሃርት» ካሏት ልብ ትሆናለች።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ቱ ወርከርስ ወር ኢንጀርድ ዌን ኤ ላደር ስሊፕት። ዋን ብሮክ ሂዝ አርም፤ ዚ አዘር ካት ሂዝ ፓልም ኦን ብሮክን ግላስ።» ቅጹ ላይ «ኔቸር ኦፍ ኢንጁሪ» የሚል ሳጥን ካለ ለአንደኛው «ፍራክቸር»፣ ለሁለተኛው «ካት» ብለው ይሙሉ። «ላሰሬሽን» የሚል ቃል ሲያጋጥምዎ ረዘም ስላለ ብቻ አይምረጡት። ለፍርድ ቤት ምስክርነት የሚሰጡ ሐኪሞች በስለት የተቆረጠውንና ጠርዙ የጠራውን፣ በድፍን ነገር ተመትቶ ጠርዙ ከተቦጫጨቀው ይለያሉ፤ ላሰሬሽን የሚሉት ሁለተኛውን ነው። ያንን ለእነሱ ይተዉላቸው።

የክንዱን ነገር ግን የሐኪሙን ወረቀት ሳያዩ አይዝጉት። «ሲምፕል ፍራክቸር» የሚል ካገኙ ቀላል ስብራት ብለው እንዳይተረጉሙት፤ ቆዳው አልተቀደደም ማለት ብቻ ነው፤ አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ለወራት ሊያስተኛው ይችላል። «ኦፕን ፍራክቸር» የሚል ከሆነ ደግሞ አጥንቱ ቆዳውን በስቷል ወይም ስብራቱ ላይ ያለው ቆዳ ተከፍቷል። ያኔ ሰውየው ክንዱ ላይ ዉንድ አለው፤ ሪፖርትዎ ላይ ግን አሁንም «ኢንጀርድ» ነው።